ጋሼ ይመርና የተቀጠለው ሜትር

ጋሼ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ገንዳ ውሃ፣ መሬት ቢሮ በረንዳ ላይ ወረፋ ይዤ ቁጭ ባልኩበት ነው። ልጄ ያወጣችውን የቤት ቦታ ካርታ ልቀበልላት ሄጄ ነበር። ከፊቴ ሁለት ወጣት ለካኞች ቆመው ያወራሉ፤ አንደኛው ያንን ከሳተላይት ጋር የሚነጋገረውን መሣሪያ ባንገቱ አንጠልጥሎታል።

«ያ ይመር የሚሉት የድሮው ለካኝ አረፈ አሉ፣ ወሎ አገሩ ገብቶ» አለ።

«የትኛው ይመር?»

«ያ ከኮኪት ወዲያ ሠላሳ አንድ ማሳ አበላሽቶ የተቀጣው።»

«እ፣ እሱ!» ብሎ ሌላው ሳቀ። «ነፍስ ይማር።»

ነፍስ ይማር ማለቱ ደግ ነው። ሣቁን ግን ይዤው ወጣሁ። ሠላሳ አንድ ማሳ መበላሸቱ እውነት ነው። ጋሼ ይመር መቀጣታቸውም እውነት ነው። ያበላሸው ሰው ግን ሌላ ነው። እሱንም በተራው እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ሰውየውን ልንገራችሁ።

ጋሼ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ ሰው ነበሩ። በሚያዝያ ሙቀት እኛ ከናቴራ ሲከብደን እሳቸው በሸሚዝ ላይ ኮት ደርበው፣ ኮቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ አይሞቅዎትም እንዴ?» ስንላቸው፣ «ሙቀቱ ያለው ውጭ ነው፤ ምን ብዬ ከፍቼ አስገባዋለሁ?» ይላሉ። ለሁሉም ነገር ቃላቸው «አብሽር» ነበረች፤ የወሎ ሰው አይዞህ ሲል ነው። ትራክተር ለተሰበረበትም አብሽር፣ ወባ ለጣለውም አብሽር፣ ዝናብ ለዘገየበትም አብሽር። አንዳንዱ ይናደድባቸው ነበር። «አብሽር አያዘንብም» ይላቸዋል። «አያዘንብም፤ ግን አያደርቅም» ይላሉ።

የተዋወቅነው ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ከዳባት ወርጄ ስንት ዓመት የሰው ሰሊጥ ሳርም፣ የሰው ማሽላ ስቆርጥ የኖርኩ፣ የራሴ የምለው መሬት ያልነበረኝ ሰው ነኝ። ለካኙ ሲመጡ ቀበሌው ሜትር የሚዘረጋና ችካል የሚተክል ሰው ፈልጎ እኔን ሰጣቸው። እንዲህ ሆነን አንድ በጋ ማሳ ለማሳ ዞርን።

አለካካቸው የራሳቸው ነበር። ማንኛውንም ድንበር ሲለኩ ድንበርተኞቹን ሁለቱንም ያስጠራሉ። አንዱ የሜትሩን ራስ ይይዛል፣ አንዱ ጫፉን። እኔ ሜትሩ እንዳይጠማዘዝ መሀሉን እያቃናሁ እሄዳለሁ። ጋሼ ይመር «ሃምሳ!» ብለው ይጠራሉ፤ ሁለቱም «ሃምሳ!» ብለው ይደግማሉ። ካልደገሙ አይጽፉም። «ገመድ አይዋሽም፤ ያዡ ነው የሚዋሽ» ይሉ ነበር። «ሁለት ባላንጣ አንድ ቁጥር ከጠሩ ግን ያ ቁጥር የታመነ ነው።»

አንድ ጊዜ ሁለት የተኳረፉ ወንድማማቾች ገጠሙን። ታላቁ ሃምሳ አለ። ታናሹ አፉን ዘጋ።

«ድገም እንጂ» አሉት ጋሼ ይመር።

«እኔ ከሱ ጋር ባንድ ቃል አልናገርም።»

«አብሽር፣ እጠብቃለሁ» ብለው ደብተራቸውን አጥፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። እኔ ጥላ ፍለጋ ሄድኩ። ወንድማማቾቹ ሜትሩን እንደያዙ ሃምሳ ሜትር ተራርቀው ቆመዋል፤ የለቀቀ ተሸናፊ የሆነ ይመስል ማንም አይለቅ። ኋላ ታናሹ ላቡን ጠርጎ፣ «ሃምሳ ነው እንግዲህ፣ ሃምሳ! ሃምሳ! በቃ?» ብሎ ጮኸ። ታላቁ ሳቀ። ታናሹም ሊቆጣ ብሎ ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ይመር አንዴም ፈገግ ሳይሉ «ሃምሳ» ብለው ጻፉ።

ሌላው ጠባያቸው የምግብ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ለካኝ ሲመጣ ባለማሳው ያበላዋል። ያለው ፍየል ያርዳል፣ የሌለውም ዶሮ አይጠፋውም። ማንም አላዘዘም፣ ማንም ግን አያስቀር። ጋሼ ይመር በፌስታል በሶ ይዘው ይዞራሉ። መሬቱ ተለክቶ ሳይፈረም የባለቤቱን እህል ባፋቸው አያዞሩም። ከተፈረመ በኋላ ከሆነ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ያውም እጃቸው አይሰንፍም።

ሁለት ትራክተር ያለው አንድ ሰው ዘንድ ስንሄድ ገና ከሩቅ የጥብስ ሽታ ተቀበለን። ሰውየው ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ወጣ።

«ጋሼ ይመር፣ መጀመሪያ ቁርስ ቅመሱ እንጂ። ፍየሏ ታርዳለች እኮ።»

«ነፍስ ይማር» አሉት።

«ኧረ ቀልዱን ይተዉት፣ ይቀዘቅዛል!»

«መሬትህን እንለካና የፍየሏን ሐዘን አብረን እንቀመጣለን።»

ኩርኩራ ዛፍ ጥላ ሥር ገብተው በሷቸውን በጠበጡ። እኔም አብሬ። ጥብሱ እየሸተተኝ በሶ የዋጥኩበትን ያን ቀን መቼም አልረሳው። ስንመለስ ሳኮርፍ አዩኝና አያታቸውን አነሱልኝ። በአያቶቻችን ዘመን መንግሥት መሬቱን በቃላድ ያስለካ ነበር፤ ቃላድ መለኪያው ገመድ ነው። አያታቸው ቃላድ ጎታች ነበሩ።

«ለካኞቹን መንግሥት ሰደዳቸው እንጂ ቀለብ አልሰጣቸውም» አሉኝ። «ቀለባቸው ያገሩ ሰው ነው። ለበቅሎው ገብስ፣ ለአለቃው ሙክት፣ ላሽከሩ ጠላ። አንዱን አገር ለክተው እስኪወጡ ጎተራ ይራቆታል። ሰዉ ግብሩ ገና ሳይመጣበት በለካኙ ቀለብ ያልቃል።»

«ያበላ ሰውስ የሚያገኘው ነገር ነበር?»

«እንዴታ! ላበላ ሰው ቃላዷን ወጥረው ይይዟታል። በወጠሯት መጠን መሬቱ በቁጥር ያንሳል፣ ግብሩም ያንሳል። ላላበላ ሰው ያረግቧታል። ድሀው ያላበላውን በግብር ይከፍላል። አያቴ በስተርጅናው ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ሰላም ያለውን ሁሉ ‹አንተ የማን ልጅ ነህ? ያባትህን መሬት እኔ ለክቻት ይሆን?› እያለ ይጠይቃል። እሱን እያየሁ አደግኩ። ይኸው በሶ የምይዝ ለዚያ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በበሶው አላጉረመረምኩም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ። ሰኔ ገብቷል። ዝናቡ ከጠነከረ ዋልካው እግር ይዞ አይለቅምና ከዚያ በፊት ልንጨርስ እንጣደፋለን። አንድ ቀን ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግተን ሳለን ትራክተር ከነማረሻ ዲስኩ አለፈበት። ሃምሳ ሜትር የሚለካ የጨርቅ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ብጥስጥስ አለ። ጋሼ ይመር ያን ቀን ወባ ጥሏቸው ዛፍ ሥር ይንቀጠቀጣሉ።

«ሜትሩ ተበጠሰ ጋሼ።»

«ትጠግነው እንደሁ ሞክር» አሉኝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ገመድ መጠገን መቼም ሙያዬ ነው። ገመድ ሲበጠስ የተበላውን ቆርጠህ ትጥላለህ፣ ደህናውን ከደህናው ትቀጥላለህ። የተበላው ካልተቆረጠ ስፌቱ አይጠናም። አባቴ ያሳየኝ እንዲህ ነው። ዳሳሽ ቤት ሄጄ የጆንያ መርፌና ክር ተዋስኩ። ዳሳሽ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። ሁለት ሜትር የሚሆነውን ብጥስጣሽ ቆረጥኩና ጣልኩ፣ ዳርና ዳሩን ደረብኩና ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት። ሁለት ሰው ቢጎትተው የማይበጠስ ሆነ። ኮራሁበት። እላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋናው ነገር መሆኑ አልታየኝም። ለኔ ገመድ ነበር።

ጋሼ ይመር በሦስተኛው ቀን ተነሡ፤ ፊታቸው ገና አመድ እንደመሰለ ሥራ ቀጠልን። ሃምሳ ሲሞላ ችካል እተክላለሁ፣ ሃምሳ ሲሞላ ችካል እተክላለሁ። መሀሉን ማን ያነበዋል? በዚያ ሜትር ሠላሳ አንድ ማሳ ለካን። ካንዳንዱ ሰው ላይ ትርፍ ተገኘ። ያኔ ከደጋ መጥቶ ለሰፈረው ሰው ከተሰጠው ልክ በላይ የተገኘ እንደሆነ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ቆርሶ መሬት ለሌለው በዕጣ ይሰጠው ነበር። ከዳሳሽ መሬት ላይ ወደ ግማሽ ሄክታር የሚጠጋ ትርፍ ወጣ።

«በባሌ ጊዜ የተለካች መሬት እኔ መበለት ስሆን ወፈረች?» አለች።

ጋሼ ይመር ደብተራቸውን ሁለት ጊዜ አዩት። «ቁጥሩ የሚለው እንዲህ ነው እታለም» አሏት። አንገታቸውን ደፉ።

ዘር ሳያልፍ ተብሎ ዕጣው ቶሎ ወጣ። ሰባት ሰዎች ደረሰን። የዳሳሽ ቁራሽ የወጣው ለኔ ነው። ችካሌን ስተክል መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እንኳን ደስ ያለህ አዛናው። መሬቴ ወልዳ ልጇን ላንተ ዳረች።»

ችካሌን መትቼ ጨረስኩ። በዚያች ቁራሽ ሰሊጥ ዘራሁባት። በሕይወቴ የራሴ ብዬ የዘራኋት የመጀመሪያዋ ናት።

ጥቅምት ላይ ሰሊጤን አጭጄ፣ ነዶውን አስደግፌ አቁሜ፣ ሂላ የምንለውን ማለቴ ነው፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ጋሼ ይመር የጤና ኬላውን ግቢ ሊለኩ መጥተው አስጠሩኝ። ግቢው ፕላን ያለው ነው፤ የአጥሩ ልክ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ለካን፣ ከወረቀቱ በለጠ። ደግመን ለካን፣ በለጠ።

«አጥር አይወፍርም» አሉ ለራሳቸው።

ሜትሩን ሲሚንቶው ላይ አዘረጉኝ። ተንበርክከው ከአንድ ጀምረው እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው እየነኩ ሄዱ። ሃያ ስድስት ላይ ቆሙ። ከሃያ ስድስት ቀጥሎ የኔ ስፌት፣ ከስፌቱ ቀጥሎ ሃያ ዘጠኝ።

«የቀረው የት ገባ?»

«ቆርጬ ጣልኩት ጋሼ። የተበላ ነበር።»

ከዚያ የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ሲፈቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«በዚህ ስንት ማሳ ለካን?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ» ብለው ደገሙት።

ያኔ ገባኝ። ሃምሳ ብለን የጠራነው ሁሉ አርባ ስምንት ነበር። መሬቱ የሰፋው በወረቀት ነው። ትርፍ ተብሎ የተቆረሰው ትርፍ አልነበረም። እኔም የያዝኩት የዳሳሽን ልጆች ጉርሻ ነው። ይህን አውቄም ያልኩትን ልንገራችሁ፤ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ደብተሩ ማኅተም ተመትቶበታል። የምናውቀው ሁለታችን ነን። ዝም ብንልስ?»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «እስከ ትናንት ዝም ብዬ ነበር፣ ስለማላውቅ» አሉኝ። «ዛሬ አየሁት። ያየሁትን ምን አድርጌ ልመልሰው?» ሜትሩን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙና ገንዳ ውሃ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ።

የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። «ደብተሩ ታድሏል አቶ ይመር» አላቸው። «መኪና የለም። አበል የለም። ማን ከፍሎ ነው ዳግም የሚለካው?»

«የዓመት ፈቃዴ አለ።»

«ፈቃድዎን ዋልካ ላይ ሊጨርሱት?»

«ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

ኃላፊው ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቅረብልኝ አለ። ጋሼ ይመር እዚያው ቆመው ጻፉ። ሲያነቡለት እኔ በር ላይ ሆኜ ስሜን እጠብቃለሁ። ሜትሩን ሳላጣራ በመለካቴ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይላል። ስሜ የለበትም።

ስብሰባ ተጠራ። ትርፍ ከደረሰን ከሰባታችን መሀል አንዱ ዘሎ ተነሣ።

«በእርስዎ ስህተት እኛ ምን ቤት ነን የምንነቀል?»

«እውነትህን ነው» አሉት። «የተነቀሉትስ ምን ቤት ናቸው?»

«ሜትሩን የቀጠለው ማነው? እሱ ይነገረን!»

ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። የጎማ ጫማ ነው፣ ግራው ጎኑ ተቀዷል።

«የለካሁ እኔ ነኝ። የፈረምኩም እኔ ነኝ። ሌላ ማንን ትፈልጋለህ?» አሉ። ሰውየው እያጉረመረመ ተቀመጠ። የዘንድሮው እህል ለዘራው፣ መሬቱ ለባለቤቱ ተባለ። ስብሰባው ተበተነ። እኔ አልተነሣሁም ነበር።

ጋሼ ይመር ደህና ሜትር ካንድ ግንበኛ ተውሰው የጀመሩት ከኔው ቁራሽ ነው። ዳሳሽ የሜትሩን ራስ ያዘች፣ እኔ ጫፉን።

«ሃምሳ!»

«ሃምሳ!» አለች ዳሳሽ።

እኔ አልደገምኩም። ጋሼ ይመር እርሳሳቸውን እንዳነሡ ቆሙ። አላስቸኮሉኝም።

«ሃምሳ» አልኩ።

ድንበሩ ወደ ድሮው ቦታ ተመለሰ። ችካሌን በእጄ ነቀልኩ። ዳሳሽ አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያን ቀን መርፌ የወሰድከው ለሜትሩ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሰው ፊት ለምን አልተነሣህም?»

«ፈራሁ።»

«እሳቸውስ? አይፈሩም?»

ሠላሳ አንዱንም ማሳ እንዲያ ዞሩት። ማለዳ ካደሩበት ከኮኪት በእግራቸው ይመጣሉ፣ ሲመሽ በእግራቸው ይመለሳሉ። በዚህኛው ዙር ፍየል ያረደ የለም። አንዳንዱ ውሃም ከለከላቸው፣ ውሻ የለቀቀባቸውም አለ። ጀሪካን እኔ እሸከም ነበር፤ ከዚያ ሌላ ያደረግኩላቸው የለም። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ በጨርቅ ጠቀለሉት። ወባውም አንዴ ተመለሰባቸው፣ ግን የዚህ ጊዜ አልተኙም፤ ሜትሩን ከእጃቸው ሳይለቁ ተንቀጠቀጡ። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ሁለት ማሳ ቀርቶ ነበር። እሱንም ባገኙት ክፍት ቀን እየመጡ ጨረሱት። ሰባቱም ቁራሽ ለየባለቤቱ ገባ።

ወር ሳይሞላ ቅጣታቸው ተሰማ። በገዛ ጽሑፋቸው ነው የተቀጡት። ከደረጃቸው ዝቅ ብለው፣ ከለካኝነት ተነሥተው መዝገብ ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። ዳሳሽ ናት የነገረችኝ። «ሂድና ንገር» አለች።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ገንዳ ውሃ ወረድኩ። ጋሼ ይመርን አቧራ በለበሰ ፋይል መሀል አገኘኋቸው፣ ኮታቸው እንደተቆለፈ።

«ጋሼ፣ ለኃላፊው ልነግር ነው የመጣሁ። ሜትሩን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን።»

«ምን ልታተርፍ?» አሉኝ ቆጣ ብለው። «አንተ የጠገንከው ገመድ ነው። እንደምታውቀው ጠገንክ፣ ጥሩ አድርገህም ጠገንክ። ሜትር የማውቀው እኔ ነኝ። ሲበጠስ ታምሜ ነበር እንበል። ከተነሣሁ በኋላስ? አራት ወር በእጄ ይዤው አንድ ቀን ዝቅ ብዬ አላነበብኩትም።»

«ቢሆንም ጋሼ…»

ፋይሉን አስቀመጡ። «ለኔ ብለህ ከመጣህ ተመለስ። ለራስህ ብለህ ከመጣህ ግን አልይዝህም። የሱ በር ሦስተኛው ነው።»

ወጣሁ። አንደኛውን በር አለፍኩ፣ ሁለተኛውን አለፍኩ። ሦስተኛው ክፍት ነው። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ።

«አቤት አባት፣ ምን ነበር?»

«ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አልኩት።

«በጓሮ ነው አባት፣ ዞር ብለው።»

አመስግኜው በጓሮ ዞርኩ። እዚያ ትንሽ ቆሜ፣ በሌላው በር ወጥቼ ወደ ኮኪት የሚመለስ መኪና ያዝኩ።

ዳሳሽን አውድማ ላይ ማሽላ ስትወቃ ደረስኩባት።

«ነገርክ?»

«አልነገርኩም።»

በትሯን እንዳነሣች ቆመች። «እንግዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። ያ ኃላፊ ከተቀየረ ቆየ፤ ጋሼ ይመርም ዛሬ የሉም። ሜትሩን የቆረጥኩት እኔ አዛናው ነኝ፤ ልነግረው የቀረኝ ሰው እናንተ ናችሁ።